የድሮ ፋብሪካ ሊፈርስ ነው ሲባል፦ ኮምቦልቻ ላይ ክርክሩ ከየት ይጀመር?

ኮምቦልቻን የሠሯት መንገድና ፋብሪካ ናቸው። ወደ ባቲና ወደ ሚሌ፣ ከዚያም ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ እዚህ ይገነጠላል። በደርግ ዘመን ጨርቃ ጨርቁ ተተከለ፣ በ2009 ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። አሁን አሮጌ ግቢ ሁሉ ፈላጊው በዝቷል። ልማቱን የሚጠላ የለም፣ እኔም አልጠላም። ግን የስንት ሰው ዕድሜ ያለቀበት የማሽን አዳራሽ ማንም ሳይጠየቅ በአንድ ቀን ሲናድ ዝም ማለት ይከብደኛል። እናንተም ከከበዳችሁ፣ ዶዘሩ ሳይመጣ ጀምሩ።

መጀመሪያ ቦታው በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነ አጣሩ። የከተማው ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ሄዳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል “የለም” ቢሏችሁ በዚያ አትመለሱ። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገቡና በራሳችሁ ቅጂ ላይ ቀንና ገቢ ቁጥር አስጽፉ። ነገ ፍርድ ቤት ስትቆሙ “አናውቅም ነበር” የሚለውን መልስ የምትዘጋው ያቺ ቅጂ ናት።

ካልተመዘገበም አብሽሩ፣ አላለቀም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ለመባል መቶ ዓመት መሙላት አለበት አይልም። የሚያየው የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት መሆኑን፣ በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል ወይም በሥነ ጥበብ ያለውን ዋጋ ነው። ስለዚህ “ይሄ እኮ የትናንት ፋብሪካ ነው” ማለት ብቻውን አያስኬድም። አዋጅ ቁጥር 839/2006 ደግሞ ቅርስን በብሔራዊና በክልል ደረጃ ይመድባል። እኔ የምመክረው በክልል ደረጃ እንዲያዝ መጠየቅን ነው። ማመልከቻው ባህር ዳር ለክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ይሂድ፣ ግልባጩ አዲስ አበባ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይድረስ።

ማመልከቻው ውስጥ ምን ይግባ? እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፣ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። “ታሪካዊ ቦታችን ነው” ብሎ አንድ ገጽ መጻፍ አይበቃም። ሕንፃውን ከአራቱም አቅጣጫ ቀን የሚያሳይ ፎቶ አንሱት። ማሽኖቹ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ አንብቡና የት አገር፣ በስንት ዓመተ ምህረት እንደተሠሩ መዝግቡ። ከዚያ ጡረታ የወጡትን ፈልጉ፤ ፈትል ክፍል የሠሩትን እትዬ፣ ሽመና ክፍል የነበሩትን ጋሼ ቤታቸው ሄዳችሁ አነጋግሩ፣ ያሉትን ጽፋችሁ አንብቡላቸውና አስፈርሟቸው። ባጅ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የቡድን ፎቶ ካላቸው ኮፒ አድርጉት። በፈረንጆች 2003 የወጣው የኒዥኒ ታጊል ቻርተር፣ ማለትም የኢንዱስትሪ ቅርስ ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ ከማሽንና ከወርክሾፕ ሌላ የሠራተኛውን መኖሪያ፣ የእምነት ቦታና ትምህርት ቤት ጭምር ይቆጥራል። ቻርተሩ ፍርድ ቤቱን አያስገድድም፤ ለባለሙያ ግን ጥሩ መነሻ ነው። የሠራተኛ ሰፈሩን አትርሱት።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ “አንተ ምን አገባህ?” የሚለው ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 33 ከሳሽ በነገሩ ጥቅም ሊኖረው ይገባል ስለሚል፣ የተከሳሽ ወገን የመጀመሪያ መቃወሚያ ብዙ ጊዜ ይሄው ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 91 የታሪክ ቅርስን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጋም ግዴታ ነው ይላል፤ አንቀጽ 37 ደግሞ ማኅበር ስለ አባላቱ፣ ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸው ሰዎችም በቡድን ፍትሕ እንዲጠይቁ ይፈቅዳል። ጥሩ ነው፣ ጥቀሷቸው። ግን በእነዚህ ብቻ አትመኩ። ከሳሾቹ መሃል ግቢው ውስጥ ወይም አጠገቡ ይዞታ ያለው ሰው ይኑር።

ይዞታችሁን ልቀቁ የሚል ትእዛዝ ከደረሳችሁ ደግሞ ቀን መቁጠር ጀምሩ። ስለ መሬት ማስለቀቅና ካሳ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ትእዛዙ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ማመልከት አለባችሁ። ከዚያ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። የ2016ቱን ማሻሻያ፣ ቁጥር 1336ን፣ አብራችሁ አንብቡ። ቅሬታችሁን በስብሰባ ላይ መናገር ማመልከት አይደለም። ስንቱ “ተናግሬያለሁ እኮ” እያለ ቀኑ አልፎበታል!

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ በርም አለ፤ መሬቱ ራሱ። ድሮ ፋብሪካ የነበረበት አፈር ቀለም፣ ነዳጅ፣ ቆዳ ፋብሪካ ከነበረ ደግሞ ክሮሚየም ሊኖርበት ይችላል። ተቆፍሮ ሲገለበጥ በጎርፍ ታጥቦ ቦርከና ወንዝ ይገባል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንም ሰው ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀን መልስ ካላገኛችሁ ወይም መልሱ ካላረካችሁ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ግን በሐቀኝነት ተጠቀሙበት። ጣሪያው አስቤስቶስ ከሆነ፣ “ቅርስ ነው” ብላችሁ አትደብቁት፤ ሥሩ የሚኖረው ሰው ሳንባ ከሕንፃው ይበልጣል።

ፍርድ ቤት ስትገቡ ከዋናው ክስ ጋር እግድ ጠይቁ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 ክርክር የተነሳበት ንብረት ሊጠፋ ወይም ሊበላሽ ነው ሲባል እግድ ለመስጠት ያስችላል። ዳኛው የሚያምነው አደጋው ቅርብ መሆኑን ስታሳዩት ነው። በቃለ መሐላ አስደግፉት፣ የማፍረሻ ደብዳቤውን ቅጂ አያይዙ፣ ቀለም የተቀባውን ምልክትና ግቢው ውስጥ የቆመውን ስካቫተር ፎቶ ጨምሩ። የፈረሰ ሕንፃ ላይ ብትረቱም የምታገኙት ፍርስራሽ ነው።

የሕንዷን ሙምባይ ነገር ላንሳ (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)፣ እነሱም ጨርቃ ጨርቅ ነበራቸው። እዚያ በ1991 የወጣው ደንብ የድሮ ፋብሪካ መሬት ሲለማ ሲሶው ለሕዝብ ክፍት ቦታ፣ ሲሶው ለሕዝብ መኖሪያ ቤት እንዲውል ያደርግ ነበር። በ2001 ተሻሻለና ድርሻው የሚሰላው ባዶ ከሆነው መሬት ብቻ ሆነ፤ ሕንፃ ያለበት ከስሌቱ ወጣ። የአካባቢ ተሟጋቾች በ2005 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ላይ ረቱ፣ በ2006 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሻረው። እኔ ከዚህ የምወስደው ደንቡ ሲረቀቅ እዚያው መገኘት እንደሚሻል ነው። የኮምቦልቻ መዋቅራዊ ፕላን ወይም የአካባቢ ልማት ፕላን ለውይይት ሲቀርብ ግቡ፤ ያ ግቢ በካርታው ላይ በምን ቀለም እንደተቀባ እዩ፣ አስተያየታችሁን በጽሑፍ አስገቡ።

ብዙው ክርክር በመጨረሻ ስምምነት ይፈልጋል፣ ይሄም ሽንፈት አይደለም። አዳራሹ ቆሞ ገበያ ወይም ሙዚየም ሊሆን ይችላል፣ ጭስ ማውጫው ቀርቶ ዙሪያው ሊገነባ ይችላል። ከተስማማችሁ ግን በሽምግልና ቃል ብቻ አትለያዩ። ስምምነቱን ጽፋችሁ ፍርድ ቤቱ በመዝገቡ ላይ እንዲያጸድቀው ጠይቁ። የትኛው ግድግዳ እንደሚቀር፣ ማሽኖቹ የት እንደሚቀመጡ፣ ጥገናውን ማን እንደሚከፍል፣ ተነሺዎቹ መቼና የት ቤት እንደሚያገኙ፣ ሁሉም ከነቀኑ ይጻፍበት።