ኑሜሪካል ሜተድስን እንዴት እናጥና? ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች

አፕላይድ ማትስ ላይ ጥሩ የነበረ ተማሪ እንኳ ኑሜሪካል ሜተድስ (በቀጥታ ለመፍታት የሚያስቸግሩ የሒሳብ ጥያቄዎችን በስሌት በግምት የመፍታት ዘዴዎች) ሲጀምር ግራ ይገባዋል። እስከዚያ ድረስ ጥያቄው አንድ ትክክለኛ መልስ ነበረው። እዚህ ግን መልሱ ግምት ነው። ዋናው ጥያቄ ግምቱ ከእውነተኛው ምን ያህል ይርቃል የሚለው ነው። ቀመር ሸምድዶ ኮርሱን ማለፍ ይቻል ይሆናል። ስህተትን መለካት ሳይለምዱ ማለፍ ግን ያሳዝናል፤ ነገ የሕንፃ ምሰሶ የሚያሰላው ይኸው ተማሪ ነውና።

1. ስለ ስህተት የሚያወራውን ምዕራፍ አትዝለሉ

ብዙዎች «ሚድ ላይ አይወጣም» ብለው ያልፉታል። ፓይተን ላይ 0.1 + 0.2 ብላችሁ ጻፉ። መልሱ 0.30000000000000004 ይመጣል። ኮምፒውተር 0.1ን በ0 እና በ1 ብቻ ሲጽፈው ማለቂያ ስለሌለው የሆነ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል።

ይህ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን ላይ የነበረ የፓትሪየት ፀረ ሚሳኤል ጊዜን የሚቆጥረው በ0.1 ሰከንድ ነበር። 100 ሰዓት ገደማ ሳይጠፋ ሲሠራ ያቺ የተቆረጠች ቁራጭ ተጠራቅማ 0.34 ሰከንድ ያህል ደረሰች። የመጣውን ስከድ ሚሳኤል ሳያገኘው ቀረ። 28 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ።

2. መጀመሪያ በካልኩሌተር ሥሩት

«አንስ» (Ans፣ የመጨረሻውን መልስ የሚያስታውስ) የሚል ቁልፍ ያለው ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ይበቃል። የ2ን ስኩዌር ሩት በኒውተን ራፍሰን፣ ማለትም ግምትን በየዙሩ በሚያሻሽል ዘዴ፣ እንፈልግ። 1 ብላችሁ እኩል ይሆናልን ተጫኑ። ቀጥሎ (አንስ + 2 ÷ አንስ) ÷ 2 ብላችሁ አስገቡና እኩል ይሆናልን ደጋግማችሁ ተጫኑ። 1.5፣ ከዚያ 1.416667፣ ከዚያ 1.414216 ይመጣል። በ3 ዙር ብቻ ስህተቱ 0.000002 ገደማ ሆነ። መልሱ ያለበትን ክፍተት ለሁለት እየከፈለ በሚያጠበው በባይሴክሽን ግን ከ1 እስከ 2 ያለውን ክፍተት 10 ጊዜ ለሁለት ብትከፍሉትም ስፋቱ ገና 0.001 አካባቢ ነው።

ታዲያ ባይሴክሽንን ለምን እንማራለን? ኒውተን አንዳንዴ ስለሚከዳ ነው። ኤክስ ኪዩብ ሲቀነስ 2 ኤክስ ሲደመር 2 ዜሮ የሚሆንበትን ኤክስ ከ0 ጀምራችሁ ፈልጉ። ወደ 1 ይሄዳል፣ ተመልሶ ወደ 0፣ እንደገና ወደ 1። እስከ ነገ ብትጫኑም መልስ አያመጣም። ባይሴክሽን ቀርፋፋ ነው፤ ነገር ግን ፈንክሽኑ ካልተቆራረጠና ሁለቱ ጫፎች ላይ ምልክቱ (ፕላስ ወይም ማይነስ) ከተለያየ መልሱን አይስተውም።

ሳይንና ኮሳይን ያለበት ጥያቄ ሲመጣ ካልኩሌተሩን ራዲያን ላይ አድርጉት። በዚህች ብቻ ብዙ ማርክ ይሄዳል።

3. ከዚያ ኮድ ጻፉ፣ መልሱን በምታውቁት ጥያቄም ፈትኑት

ላፕቶፕ የሌለው ሰው ጎግል ኮላብን በስልኩ መክፈት ይችላል። ኦክታቭም በነፃ ይገኛል። መልሱን የምታውቁት ጥያቄ ምረጡ፦ ዋይ ፕራይም እኩል ይሆናል ዋይ፣ ኤክስ 0 ላይ ዋይ 1። ኤክስ 1 ላይ ሲደርስ መልሱ 2.71828 ነው። በየእርምጃው መነሻ ላይ ባለው ስሎፕ (የመስመሩ ዝንባሌ) ወደፊት በሚራመደው በኦይለር ዘዴ በ4 እርምጃ ብትሠሩት 2.4414 ታገኛላችሁ። በአንድ እርምጃ አራት ስሎፕ አስልቶ አማካያቸውን በሚወስደው በአራተኛ ደረጃ ሩንጌ ኩታ በ1 እርምጃ ብቻ 2.7083 ይመጣል። በሁለቱም የተሰላው ስሎፕ ብዛት 4 ነው። ለእኩል ድካም የተገኘው ልዩነት ይህን ያህል ነው! እኔ ከኮርሱ ሁሉ ይህን ንጽጽር እወዳለሁ። ኦይለርን እርምጃውን በግማሽ እየቀነሳችሁ ድገሙት፤ እርምጃው እያነሰ ሲሄድ ስህተቱም ወደ ግማሽ እየቀረበ ይቀንሳል። ካልቀነሰ ኮዱ ውስጥ ችግር አለ።

4. ጋውስ ኤሊሚኔሽን

ብዙ እኩልታዎችን በአንድ ላይ የምንፈታበት ዘዴ ነው፤ እዚህ የሚፈለገው ልምምድ ነው። ብቻ ፒቮቲንግን (ረድፎችን አቀያይሮ ትልቁን ቁጥር አካፋይ ማድረግን) አትርሱ፤ በጣም ትንሽ ቁጥር አካፋይ ሲሆን መልሱን ያበላሸዋል።

5. ፈተና ላይ

ዙሩን፣ ግምቱንና ስህተቱን በሰንጠረዥ አስቀምጡ። መጨረሻ ላይ ብትሳሳቱም መምህሩ እስከ የት ትክክል እንደነበራችሁ ያያል። መሃል ላይ ቁጥር አታጠጋጉ፤ ካልኩሌተሩ ውስጥ እንዳለ ይቆይና የመጨረሻውን ብቻ አጠጋጉ።