ቁጥር ሳትይዙ ከቢሮ እንዳትወጡ

የባሕር ዳር ሰው ሁለት ነገር መጠበቅ ያውቃል፤ ክረምትንና ኃላፊን። ክረምቱ ግን ይመጣል።

ሰፈራችን ያለው የፍሳሽ ቦይ ተደፍኖ ውኃው ግቢያችን ድረስ ይገባ ጀመር። ማመልከቻ ጽፌ አንድ ቢሮ አስገባሁ፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። ከዚያ በኋላ መመላለስ ሆነ። "ስብሰባ ላይ ናቸው።" "ሲስተም የለም።" "ነገ ብቅ በል።" ሰባተኛው ጊዜ ላይ "ማመልከቻህ እኮ የለም" አሉኝ። መቼ አስገባህ? ትዝ አይለኝም። ለማን ሰጠህ? ቀይ ሹራብ ለለበሰች ልጅ። ቀይ ሹራብ ደግሞ ማስረጃ አይሆንም።

ቤት ገብቼ ስሳደብ አመሸሁ። ሲነጋ ግን ግማሹ ጥፋት የኔ መሆኑ ገባኝ። አሁን የምነግራችሁ ከዚያ በኋላ የያዝኩትን ዘዴ ነው።

መጀመሪያ በር ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። ብዙ መሥሪያ ቤት የዜጎች ቻርተር የሚባል ሰሌዳ አለው። ምን ይዛችሁ እንደምትመጡ፣ ክፍያው ስንት እንደሆነና በስንት ቀን እንደሚያልቅ ተጽፎበታል። አቧራ ስለሚጠጣ ማንም አያየውም። ጥበቃውን አስፈቅዳችሁ በስልካችሁ አንሱት። ቢሮ ገብታችሁ "እዚህ ላይ 5 ቀን ይላል" ስትሉ ወሬው ሌላ ይሆናል፤ ምክንያቱም ቀኑን ያወጡት እነሱ ናቸው እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። አንድ ጉዳይ ብቻ ይኑረው። ቀን፣ ስልክ፣ ፊርማ። ውዳሴውን ተዉት፤ ማንም አያነበውም።

ዋናው ነገር መዝገብ ቤት ነው። ወረቀቱን ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መውጣት፣ ታንኳ ሳያስሩ ዳር ላይ ትቶ እንደመሄድ ነው፤ ሲመለሱ የት እንደደረሰ አይታወቅም። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ግቡ። አንዱን ስጡና በሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፋችሁ ማኅተም አስመቱ። "እህቴ፣ እዚህ ላይ ቁጥሩን ብትጽፊልኝ፣ ነገ አንቺንም ከመጨቅጨቅ ያድነኛል" ስላት እስካሁን እምቢ ያለችኝ የለችም። ቁጥር ካላችሁ ወረቀቱ ጠፋ አይባልም፤ ቢጠፋም የሚጠየቀው እናንተ አይደላችሁም።

"ነገ ና" ሲሏችሁ ደግሞ እሺ ብላችሁ አትውጡ። ማን ጋር ልምጣ? በስንት ሰዓት? ስመጣ ምኑ ያልቃል? እዚያው ፊታቸው ጻፉት።

አንድ ጸጉራቸው የሸበተ ባለሙያ ደብተሬን ተቀብለው ራሳቸው በእጃቸው "ማክሰኞ 4 ሰዓት" ብለው ጻፉልኝ። ሰኞ ማታ ስልኬ ጠራ። "ልጄ፣ መሐንዲሱ መስክ ወጥቷል፣ ነገ አትምጣ፣ ሐሙስ ይሁንልህ" አሉኝ። በዚያ ሰዓት ቦዩ ገና አልተነካም። የተጠረገው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እኔ ግን ሰውየውን ያመንኳቸው ከዚያች ስልክ ጀምሮ ነው።

እዚህ ላይ ይህን የምታነቡ የመንግሥት ሠራተኞች ካላችሁ አንድ ነገር ልበላችሁ። ባለጉዳይ የሚያቃጥለው የጉዳዩ መዘግየት ሳይሆን መንገዱ ነው። ከዘጌ በጀልባ፣ ከመሸንቲ ወይም ከጢስ ዓባይ በመኪና የመጣ ሰው "ዛሬ የሉም" ሲባል የሄደበት የትራንስፖርት ብቻ አይደለም፤ የቀን ሥራውም ነው። አንድ የስልክ ጥሪ ስንት ብር ነው?

ስለ ገንዘብ አጭር ልበል። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" እያልን የምንስቅ እኛው ነን፣ "ለሻይ" ብለን ኪስ የምንከፍተውም እኛው። ጉቦ መስጠትም እንደ መቀበሉ በሕግ ያስጠይቃል። የተጠየቃችሁ ሲመስላችሁ አትቆጡ፣ አታሽሟጥጡም፤ "ደረሰኝ ይቆረጥልኛል አይደል?" በሉ ብቻ። ደረሰኝ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ነገሩን የሚረሱት ብዙ ናቸው። በር ላይ "እኔ አስጨርስልሃለሁ" የሚለውንም ጉዳይ አስፈጻሚ ሰላም ብላችሁት እለፉ።

ቀኑ አልፎ መልስ ከሌለ በተራ ውጡ። መጀመሪያ የቡድን መሪው፣ ከዚያ የቢሮው ኃላፊ፣ ከዚያ ቅሬታ ሰሚ፤ ሁሉም ጋር ቁጥር ያለባትን ቅጂ ይዛችሁ። ዘላችሁ ከንቲባ ጋር ብትሄዱ ወደ ታች ነው የሚመልሷችሁ። ይህም አልሆን ካለ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ላይ ቅርንጫፍ አለው። አቤቱታ ለማቅረብ ክፍያ የለም፣ መጻፍ የማይችል ሰውም በቃል ማመልከት ይችላል። እናቶቻችንን ይዛችሁ ሂዱ።

የፈለጋችሁት አገልግሎት ሳይሆን መረጃ ከሆነ፣ ለምሳሌ የሰፈራችሁ መንገድ በጀት የት ደረሰ የሚል፣ መንገዱ ሌላ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ለመረጃ ጥያቄ የ30 ቀን ገደብ አስቀምጧል። ጥያቄውን ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ በጽሑፍ ስጡ። "ምን አገባህ?" የሚል ከመጣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12ን ጥቀሱለት፤ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። እዚያው አንቀጽ ላይ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ እምነት ካጣ ሊያነሳው እንደሚችልም ተጽፏል። ይቺን ግን በመጀመሪያው ቀን አታውጧት።

ደግሞ ፎቶ ኮፒውን ከቤት ስትወጡ በመንገዳችሁ ጨርሱት። ቢሮዎቹ በር ላይ ያሉት ቤቶች መብራት ሲሄድ አይሠሩም፤ መብራት ደግሞ የሚሄደው እናንተ ወረፋው ፊት ስትደርሱ ነው።