በራስ ዶሜን የኢሜይል አድራሻ ለመያዝ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት በጀልባ ጎብኚ የሚያመላልስ አስጎብኚ በሚያሳትመው ካርድ ላይ ዘወትር የሚገኘው በነጻ የተከፈተ የጂሜይል ወይም የያሁ አድራሻ ነው። ነውር የለበትም፤ ሆኖም አድራሻው በሌላ ድርጅት ስም ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ሳጥኑ በአንድ ምክንያት የተዘጋ ዕለት ካርዱን ይዘው ወደ አገራቸው የተመለሱት ሁሉ የሚጽፉበት ያጣሉ። በአድራሻው ውስጥ ከ‹‹አት›› ምልክት በኋላ የሚመጣው ክፍል፣ ማለትም የዶሜን ስሙ፣ የእርስዎ ከሆነ ግን ደብዳቤዎን የሚያስቀምጠውን ድርጅት በፈለጉ ጊዜ እየቀየሩ ያንኑ አድራሻ ለዓመታት ይዘው መቆየት ይችላሉ።

ከመነሻው ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ስሙን የሚይዝልዎት መዝጋቢ ድርጅት አንድ ነው፤ ደብዳቤ የሚቀበለውና የሚያስቀምጠው የኢሜይል አገልግሎት ሌላ ነው። ሁለቱን ከአንድ ቦታ መግዛት ቢቻልም ግዴታ አይደለም። ስሙም አንዴ ተገዝቶ የሚያልቅ ሳይሆን በሊዝ እንደተያዘ ቦታ በየጊዜው የሚከፈልበት ነው፤ ዶት ኮም በአንድ ጊዜ ቢበዛ ለ10 ዓመት ይያዛል።

ስም መምረጥ ቀላል ይመስላል፤ በእኛ ቋንቋ ግን ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። የዶሜን ስም በተለምዶ የሚጻፈው በላቲን ፊደል፣ በቁጥርና በአጭር ሰረዝ ሲሆን፣ የአማርኛን ድምፅ በላቲን ለመጻፍ ሁሉም ሰው የሚከተለው አንድ ወጥ ሥርዓት የለም። ‹‹ቀ››ን አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጽፈዋል፤ ‹‹ኘ››ን በጂ እና ኤን የሚጽፍ አለ፣ በኤን እና ዋይ የሚጽፍም አለ። የከተማችን የባሕር ዳር ስም እንኳ በመጻሕፍትና በካርታዎች ላይ በተለያየ አጻጻፍ ይገኛል፤ ዓባይም አንዳንዴ በአንድ ቢ፣ አንዳንዴ በሁለት ቢ ይጻፋል። ‹‹ጣና›› ግን በአራት ፊደል ያለ ጭቅጭቅ ይወጣል። ስለዚህ ያሰቡትን ስም በስልክ ለሦስት ዘመዶችዎ ይንገሯቸውና በላቲን ጽፈው በአጭር መልእክት እንዲልኩልዎት ይጠይቋቸው። ሦስቱም አንድ ዓይነት ከጻፉ ስሙ ደህና ነው፤ ሦስት ዓይነት ከጻፉ ሌላ ይፈልጉ። አጭር ሰረዝንም በስልክ ማስረዳት አድካሚ በመሆኑ እኔ አልመክረውም።

ለቤተሰብ የሚሆን ስም የሚፈልግ ሰው ሌላም የሚያስበው ነገር አለ። የፈረንጆቹ መመሪያዎች የቤተሰብ ስምዎን ይያዙ ይላሉ፤ በእኛ ዘንድ ግን ባልና ሚስት የየአባታቸውን ስም ይዘው ይኖራሉ፣ ልጆችም በአባታቸው ስም ይጠራሉ። የአንዱን አያት ስም መርጦ ከመከራከር ሁሉም የሚስማማበትን አንድ ቃል መያዝ ይሻላል።

የስሙን መጨረሻ በተመለከተ ዶት ኮም ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለና ማንም የሚያውቀው ነው። የአገራችን መጨረሻ ዶት ኢቲ ሲሆን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። በመጀመሪያው ዓመት እጅግ ርካሽ የሆኑ አዳዲስ መጨረሻዎችን ሲያዩ፣ ከመግዛትዎ በፊት የሚታደሱበትን ዋጋ ያንብቡ፤ ልዩነቱ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ዶት ኮም በአብዛኛው በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ያስወጣል።

ክፍያው በዶላር መሆኑ ብዙ ሰው የሚቆምበት ቦታ ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ የሌለው ሰው በብር ከሚያስከፍል የአገር ውስጥ ሻጭ ይገዛል ወይም ውጭ ያለ ዘመዱን ይለምናል። ሁለቱም መንገድ ይሠራል፤ ነገር ግን በመዝጋቢው ዘንድ ባለቤት ተብሎ የሚጻፈው የእርስዎ ስም፣ የእርስዎ ስልክና የእርስዎ ኢሜይል መሆን አለበት። እኔ የመጀመሪያ ዶሜኔን የገዛሁት በአንድ ሻጭ በኩል ነበር፤ ከዓመት በኋላ ላሳድስ ስፈልግ ባለቤት ተብሎ የተመዘገበው እርሱ ሆኖ አገኘሁት፣ ስልኩም አይነሳም። ካርዶቼን ጥዬ በሌላ ስም እንደገና ጀመርኩ። ስለዚህ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት የመዝጋቢውን መለያ (አካውንት) እና የይለፍ ቃል በእጅዎ እንደሚያስረክብዎት ሻጩን በግልጽ ይጠይቁት። እንደተመዘገቡም የማረጋገጫ ደብዳቤ ሲመጣልዎት ሳይዘገዩ ይክፈቱት፤ በ15 ቀን ውስጥ ካልተረጋገጠ ስሙ ሊታገድ ይችላል።

ቀጥሎ የኢሜይል አገልግሎት ይመርጣሉ። ጉግል ወርክስፔስ፣ ዞሆና ፕሮቶን በራስ ዶሜን የሚሠራ ሳጥን ያቀርባሉ። ደብዳቤን ወደ ነባሩ ጂሜይልዎ ብቻ የሚያስተላልፍ አገልግሎትም አለ፤ ዋጋው ቢቀልም፣ መልስ ሲጽፉ የድሮው አድራሻዎ እንዳይታይ የተለየ ማስተካከያ ይፈልጋል።

አሁን ሁለቱን ማገናኘት ይቀራል። በመዝጋቢው ገጽ ላይ ዲኤንኤስ የሚባለውን፣ የዶሜኑ አቅጣጫ የሚጻፍበትን ክፍል ከፍተው አገልግሎቱ የሰጠዎትን መስመሮች እንዳሉ ይገለብጣሉ። ኤምኤክስ የሚባለው መስመር ደብዳቤ ለየትኛው ሰርቨር (የአገልግሎቱ ኮምፒውተር) መድረስ እንዳለበት ይናገራል፤ ብዙ ሲሆኑ ቁጥሩ ያነሰው ይቀድማል፣ የቀድሞ አገልግሎት ኤምኤክስ ካለም መጥፋት አለበት። ኤስፒኤፍ በእርስዎ ስም መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል፤ ይህ መስመር ለአንድ ዶሜን አንድ ብቻ መሆን አለበት፣ ሁለት ከሆነ ይበላሻል። ዲኪም በእያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ ማኅተም ያሳርፋል፤ ዲማርክ ደግሞ ሁለቱን ያላለፈ ደብዳቤ ምን እንደሚደረግበት ለተቀባዩ ያስታውቃል። ጂሜይልና ያሁ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዚህ ረገድ ጥብቅ ስለሆኑ፣ እነዚህን የዘለለ ሰው ደብዳቤው ከአላስፈላጊዎቹ መልእክቶች ጋር ሊጣልበት ይችላል። ለውጡ እስኪሰራጭ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ቀን ሊወስድ ስለሚችል ካርድ ለማሳተም አይቸኩሉ። ከዚያ ወደ አንድ የጂሜይል ሳጥን ደብዳቤ ልከው የደብዳቤውን ዋና ቅጂ የሚያሳየውን ምርጫ ሲከፍቱ፣ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ ሦስቱም ማለፋቸውን ያያሉ።

የድሮውን አድራሻ ወዲያው አይዝጉት፤ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ወደ አዲሱ እንዲያስተላልፍ ያድርጉት። በመዝጋቢው መለያ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) ያብሩ፤ የመለያው ኢሜይል ግን በዚያው ዶሜን ያለ አድራሻ መሆን የለበትም፣ ዶሜኑ ቢቋረጥ የማስጠንቀቂያው ደብዳቤም አብሮ ይቋረጣልና። ጊዜው ያለፈበት ዶት ኮም ጥቂት የምሕረት ጊዜና በውድ ዋጋ የሚመለስበት 30 ቀን ካለፈው በኋላ ለማንም ክፍት ይሆናል፤ የገዛው ሰው ለእርስዎ የሚመጣውን ደብዳቤ ይቀበላል፣ በዚያ አድራሻ የከፈቷቸውን መለያዎች የይለፍ ቃል ለመቀየርም ይችላል።

የማደሻው ቀን የሚቆጠረው በፈረንጆች አቆጣጠር ከተመዘገበበት ዕለት ጀምሮ ነው። ገቢው ከጎብኚ የሆነ ሰው ጀልባው በሚቆምበት ክረምት ከሚያስመዘግብ፣ ለጥምቀት እንግዳ በሚበዛበት በጥር ቢያስመዘግብ በየዓመቱ ክፍያው የሚመጣው ኪሱ ደህና በሆነበት ወቅት ይሆንለታል።