ታክሲ ሲጠፋ ወደ ኋላ ተመለሱ

ደሴ ላይ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን መንገድ ዳር ቆማችሁ የሞላ ታክሲ የምትቆጥሩ ሁሉ፣ ዳገትም ቢሆን ወደ መነሻው በእግር ተመለሱ።

ሚኒባሱ ሞልቶ ነው የሚነሳው። መሀል ላይ ለቆመ ሰው የሚደርሰው ወራጅ የለቀቀው ወንበር ብቻ ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ አብዛኛው ተሳፋሪ እስከ መጨረሻው ስለሚሄድ በመንገድ የሚወርድ የለም ማለት ይቻላል። መነሻው ላይ ሰልፉ ቢያስፈራም አንድ መኪና በመጣ ቁጥር ከዐሥር ሰው በላይ ያነሳለታል። እኔ ለዓመታት ተቃራኒውን አድርጌ፣ ወደ ፊት እየተራመድኩ ታክሲ ስጠብቅ ኖሬአለሁ!

አዲስ አበባ ቀላል ባቡር ላይም ይሠራል። እዚያ ሌላም ዘዴ አለ፦ ባቡሩ በጣም ዘግይቶ ታጭቆ ከመጣና ተከታዩ ቅርብ መሆኑን ካያችሁ የመጀመሪያውን አሳልፉት። የዘገየው በየጣቢያው የተጠራቀመውን ሰው ጠራርጎ ስለሚሄድ ከኋላው ያለው ቀለል ይላል። የመጨረሻው ጉዞ ከሆነ ግን እንዳትሞክሩት።

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢም ሰኞ ዕለት ወደ መነሻው አትመለሱ፤ ከገበያተኛው ጋር ማዳበሪያውና ዶሮውም ተሰልፏል።