የባሕር አኳሪየም በአዲስ አበባ፦ ከዓሣው በፊት ውሃው

ኮራል የሚባለው የባሕር እንስሳ ያለበት የጨው ውሃ አኳሪየም ያማረው ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው የዓሣውን ዋጋ ነው። ፒያሳ፣ አራት ኪሎ ወይም ካዛንቺስ ለሚኖር ሰው የእኔ ምክር አጭር ነው። ዓሣውን ለጊዜው እርሱት። ውሃው፣ ጨውና መብራቱ ይቅደም። እነዚህ ሦስቱ ከተስተካከሉ የቀረው በትዕግሥት የሚሠራ ሥራ ነው፤ ካልተስተካከሉ ግን ምንም ያህል ገንዘብ ብታፈሱ ጠብ የሚል ነገር የለም።

መስታወት ከማስቆረጣችሁ በፊት ጨውና እንስሳቱን ከየት እንደምታገኙ አጣሩ። የባሕር አኳሪየም ዕቃ እንደ ጎልድፊሽ ምግብ በየሱቁ አይገኝም። ከውጭ ነው የሚመጣው፤ አለቀ ማለት ደግሞ አለቀ ነው። ለ100 ሊትር ገንዳ ለመጀመሪያው ሙሌት ወደ 4 ኪሎ ጨው ይገባል፤ በየሳምንቱ 10 ሊትር ውሃ ስትቀይሩ ደግሞ በስድስት ወር ሌላ 10 ኪሎ ያህል ይሄዳል። ስለዚህ 14 ወይም 15 ኪሎ ጨው ቤታችሁ ሳይገባ ገንዳውን አትሙሉ።

እንስሳቱንም በሕጋዊ መንገድ ብቻ አምጡ። ድንጋያማ ኮራሎች ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚጠበቁ ናቸው፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ያለ ፈቃድ በሻንጣ ድንበር ማሻገር ክልክል ነው። ጅቡቲ ደርሶ የመጣ ወዳጅ ከባሕር ዳር ያነሣውን ኮራል «ይኸው» ቢላችሁ እንኳ አትቀበሉት።

አሁን ወደ ገንዳው። ለጀማሪ ትንሽ ገንዳ ይቀላል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። እንዲያውም ይከብዳል። 30 ሊትር ውስጥ አንድ ቀንድ አውጣ ቢሞት ውሃው ወዲያው ይበላሻል፤ 100 ወይም 150 ሊትር ውስጥ ግን ለመድረስ ጊዜ ይሰጣችኋል። ርዝመቱ 70፣ ስፋቱ 40፣ ከፍታው 40 ሳንቲሜትር ቢሆን 112 ሊትር ገደማ ይሆናል። መስታወት ቆራጩን 8 ሚሊሜትር ጠይቁት። ሲሊኮኑ የሻጋታ መከላከያ ያልተቀላቀለበት መሆን አለበት፤ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው መከላከያ ስላለበት እንስሳቱን ይመርዛል። ከተለጠፈ በኋላ ሳምንት ይድረቅ፣ ከዚያ በረንዳ ላይ በቧንቧ ውሃ ሞልታችሁ ሁለት ቀን እዩት።

ክብደቱን አትናቁ። ውሃው፣ ድንጋዩ፣ አሸዋውና መስታወቱ ተደምረው 150 ኪሎ ያልፋሉ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ ከሳሎኑ መሐል አታስቀምጡት፤ ግድግዳ ተጠግቶ፣ ምሰሶ አጠገብ ይሁን። መቆሚያውን በያጅ ከብረት ቢሠራላችሁ ጥሩ ነው፣ ግን በደንብ አንቲረስት ይቀባ። የጨው ውሃ ጠብታ ብረትን ቶሎ ነው የሚበላው።

ስለ ውሃው ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ከለገዳዲና ከገፈርሳ የሚመጣው የቧንቧ ውሃ ለእኛ ለመጠጥ ተብሎ ክሎሪን ይገባበታል። ክሎሪን ኮራልንም ባክቴሪያንም ይገድላል። ቢጣራ እንኳ በውስጡ የቀሩት ማዕድናት አልጌ (ዋቅላሚ) ያበቅላሉ። መፍትሔው አርኦዲአይ የሚባለው ማጣሪያ ነው። ውሃውን በጣም ቀጭን በሆነ ስስ ሽፋን ውስጥ በግፊት ያሳልፋል፣ ከዚያ የቀረውን በሬዚን ይለቅማል። በኪስ የሚያዝ የቲዲኤስ፣ ማለትም ውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር የሚለካ፣ መለኪያ ይኑራችሁ፤ ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ 0 ማንበብ አለበት። ፎቅ ላይ የቧንቧው ግፊት ደካማ ከሆነ ማጣሪያው ከግፊት ማሳደጊያ ፓምፕ ጋር ካልሆነ አይሠራም። ሌላም ነገር አለ። አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ለማግኘት ሦስት ወይም አራት ሊትር ተረፍ ብሎ ይወጣል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ወደ ፍሳሽ መልቀቅ ነውር ነው። ቱቦውን ወደ ባልዲ አዙሩት፤ ልብስ ይታጠብበታል፣ ቤት ይወለወልበታል።

ፈረቃው ስለማያስተማምን 40 ሊትር የተጣራ ውሃ ሁልጊዜ በተከደነ በርሜል ይቀመጥ። በርሜሉ ለምግብ የሚሆን ፕላስቲክ ይሁን። ምናለሽ ተራ የምታገኙት ያገለገለ በርሜል ውስጡ ምን እንደነበረ ካላወቃችሁ አትግዙት።

ጨውስ? የአፍዴራ ጨው አይሆንም። ለወጥ የሚሆነው ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። የባሕር ውሃ ግን በአንድ ሊትር ወደ 1,300 ሚሊግራም ማግኒዚየምና ወደ 420 ሚሊግራም ካልሲየም ይዟል፤ ድንጋያማ ኮራል አጥንቱን የሚገነባው ከዚህ ነው። ስለዚህ ለሪፍ፣ ማለትም ኮራል ላለበት ገንዳ፣ ተብሎ የተዘጋጀውን ጨው ግዙ።

ሲደባለቅ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ውሃውን ወደ 25 ዲግሪ አሙቁ፣ ውስጡ ፓምፕ አስነሡ፣ ከዚያ ጨዉን ቀስ እያላችሁ ውሃው ላይ ጨምሩ። ጨው ላይ ውሃ ብትጨምሩ ካልሲየሙ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይዘቅጣል። ሌሊቱን ይዙር። ጠዋት ሪፍራክቶሜትር በሚባለው የጨውነት መለኪያ ለኩ፦ በመሣሪያው መስታወት ላይ ሁለት ጠብታ፣ ክዳኑን ዝቅ፣ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ፣ ወደ መስኮቱ አቅንታችሁ በዓይናችሁ እዩ። ሰማያዊውና ነጩ የሚገናኙበት መስመር 35 ላይ (በኪሎ ውሃ 35 ግራም ጨው)፣ የውሃውን ክብደት ከንጹህ ውሃ ጋር በሚያነጻጽረው በሌላኛው መስፈሪያ ደግሞ 1.026 ላይ ማረፍ አለበት። መሣሪያውን በቧንቧ ውሃ አታስተካክሉ፤ 35 የሆነ የማስተካከያ ፈሳሽ አብሮት ይገዛል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር የአዲስ አበባ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነን። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ 25 ዲግሪ የሆነ የባሕር ውሃ በሊትር ወደ 6.7 ሚሊግራም ኦክስጅን ሲይዝ እዚህ ወደ 5 ይወርዳል። ስለዚህ የውጭ ቪዲዮ አይታችሁ «በዚህ ገንዳ ስምንት ዓሣ ይበቃል» ሲባል ለእኛ ግማሹን አስቡ። ከፓምፖቹ አንዱን ወደ ላይ አቅኑት፣ የውሃው ፊት ሁልጊዜ ይናጥ። ዝም ያለ የውሃ ፊት ካያችሁ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሳሎኑ ሲበርድ ገንዳው ከ25 እስከ 26 ዲግሪ መቆየት አለበት። ለ100 ሊትር አንድ ባለ 200 ዋት ሂተር ከምታስገቡ ሁለት ባለ 100 አስገቡ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይይዛል፤ አንዱ ሳይጠፋ ቢቀር ደግሞ ብቻውን ገንዳውን ለመቀቀል ጉልበት የለውም። ዕቃው ሁሉ 220 ቮልት መሆኑን ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ፣ ከአሜሪካ የመጣ ባለ 110 ፓምፕ እዚህ ሲሰካ ይቃጠላል። ዲቫይደሩን ከገንዳው ከፍ አድርጋችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። ገመዶቹ ከሶኬቱ በታች ጎንበስ ብለው ይውጡ፣ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ።

መብራት ሲሄድ ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው። ሙቀቱ ሰዓታት ይቆያል፣ ኮራሎቹም አንድ ሁለት ቀን ብርሃን ባያገኙ አይሞቱም። መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚነሣ ባለ ባትሪ የአየር ፓምፕ የመጀመሪያ ግዢያችሁ ይሁን፣ ከኤልኢዲ መብራቱም በፊት። ባትሪው ካለቀ ጆግ አንሡ፤ በየአሥር አሥራ አምስት ደቂቃው ውሃውን እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱበት፣ አረፋው ኦክስጅን ይዞ ይገባል። ለብርዱ ገንዳውን ዙሪያውን በጋቢ ጠቅልሉት። ላዩን ግን አትሸፍኑ።

ድንጋይና አሸዋ ገብቶ ውሃው ከሞላ በኋላ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ድንጋዩ ባለ ቀዳዳ፣ ደረቅ የሪፍ ድንጋይ ነው፤ ከወንዝ የተለቀመ ድንጋይ ምን ማዕድን እንዳለበት ስለማይታወቅ ይቅር። ቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚሰፍሩት ባክቴሪያዎች ናቸው ገንዳውን የሚያጣሩት። እነሱን ለማብቀል ግማሽ ጥሬ ሽሪምፕ በስስ ጨርቅ ቋጥራችሁ ውስጡ ተዉት። ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣል። አንዱ የባክቴሪያ ዓይነት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይራል፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መርዝ ናቸው፣ ናይትሬት ግን በመጠኑ ከሆነ አይጎዳም። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። በየሁለት ሦስት ቀኑ በመመርመሪያ ኪት ለኩና በደብተር ጻፉ። አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም 0 ሲሆኑ፣ ናይትሬት ሲታይ፣ ያኔ ጨርሷል። በዚህ መሐል ድንጋዩን ቡናማ ዱቄት ቢሸፍነው አትደንግጡ፣ ገንዳውንም ለማጠብ አትነሡ። ዲያተም የሚባል ጥቃቅን አልጌ ነው፣ በጊዜው ይለቃል።

ከዚያ ጥቂት ቀንድ አውጣዎች ይግቡ፣ አልጌውን ይግጣሉ። ሁለት ሳምንት አቆይታችሁ ሁለት ክላውንፊሽ። በሰው እጅ ተፈልፍለው ያደጉትን ምረጡ፤ ከባሕር ከተያዙት ይልቅ ይጠነክራሉ፣ ምግብም አይመርጡም። ሲወለዱ ሁሉም ወንድ ናቸው፤ ሁለት ትናንሾች አብረው ሲያድጉ ትልቁ ወደ ሴትነት ይለወጣል፣ እናም ጥንድ ይሆናሉ። ክላውንፊሽ የሚጠለልበት አኒሞን የሚባለው የባሕር እንስሳ ያምራል፣ ግን ዓመት ያልሞላው ገንዳ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል፤ ተዉት።

ከውጭ ረጅም መንገድ መጥቶ የሚደርስ ዓሣ የራሱ አያያዝ አለው። ፌስታሉ ውስጥ ሰዓታት ስለተነፈሰ አሞኒያ ተጠራቅሟል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ስለበዛ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ወርዶ አሞኒያው ለጊዜው ጉዳቱ ቀንሷል። ፌስታሉ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይነሣል፣ አሞኒያው በደቂቃዎች ውስጥ መርዝ ይሆናል። ስለዚህ ሳትከፍቱ 20 ደቂቃ ገንዳው ላይ አንሳፉት፣ ሙቀቱ ይስተካከል። ከከፈታችሁ በኋላ ጨውነቱን ለክታችሁ ተቀራራቢ ከሆነ ዓሣውን ቶሎ በመረብ አውጡና አስገቡ። የፌስታሉን ውሃ ገንዳው ውስጥ አትድፉ። የሚቻል ከሆነ ዓሣው ወር ያህል ለብቻው ሌላ ገንዳ ውስጥ ይቆይ፤ ነጭ ነጥብ የሚባለው በሽታ አንዴ ድንጋዩ ጋ ከገባ ለማውጣት ከባድ ነው፣ መድኃኒቱ መዳብም ቀንድ አውጣንና ኮራልን ይፈጃል።

ኮራል ሲመጣ በለስላሳዎቹ ጀምሩ፦ መሽሩም፣ ሌዘር (ቆዳ የሚመስለው)፣ ዞአንቲድ። ሥጋቸው ውስጥ ጥቃቅን አልጌ ይኖራል፣ እሱ በብርሃን ምግብ ሠርቶ ያካፍላቸዋል። ስለዚህ ሰማያዊ የሚበዛበት የሪፍ ኤልኢዲ ያስፈልጋል፣ በየቀኑ ለ8 እስከ 10 ሰዓታት ያህል የሚበራ። በሠላሳ በመቶ ጀምሩና በሳምንታት ውስጥ ከፍ አድርጉት። ዞአንቲድን በባዶ እጅ አትንኩ። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ አላቸው፤ ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ የተቀመጡበትን ድንጋይ በጭራሽ አትቀቅሉ፣ በፈላ ውሃም አትጠቡ። እንፋሎቱን መተንፈስ ሆስፒታል ያስገባል።

ቤታችን ቡና የሚፈላበት ቤት ነው። ከሰሉና ዕጣኑ ከገንዳው ክፍል ውጭ ይሁን፣ ወይም መስኮት ይከፈት። የአየር ፓምፑ ጭሱን ስቦ ውሃው ውስጥ ይጨምረዋል፤ በተዘጋ ክፍል የሚከማቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ፒኤቹን ከ8.1 በታች ያወርደዋል። ፍሊት ደግሞ እዚያ ክፍል ፈጽሞ አይረጭ፣ ሽሪምፕና ሸርጣን ወዲያው ይጨርሳል። እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ቅባትና ሳኒታይዘሩ እስኪለቅ በብዙ ውሃ ታጠቡ።

በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይተናል። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው ይቀራል። ከ100 ሊትር 5 ቢተን ጨውነቱ ከ35 ወደ 37 ሊጠጋ ነው። ስለዚህ መስታወቱ ላይ በማርከር መስመር አስምሩ፣ በየቀኑ እስከዚያ የተጣራ ጨው አልባ ውሃ ጨምሩ። በሳምንት አንዴ ደግሞ 10 ሊትር ቀድታችሁ በተዘጋጀ የጨው ውሃ ተኩ፣ ሙቀቱና ጨውነቱ እኩል ሆኖ።

ድንጋያማ ኮራል ከስድስት ወር በኋላ ይምጣ። ከመግዛታችሁ በፊት አልካሊኒቲውን፣ ማለትም ውሃው ፒኤቹን ጠብቆ ለማቆየት ያለውን አቅም፣ ሳምንት ሙሉ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለኩ። ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ አሃድ) መሐል ጸንቶ ከቆየ ገንዳው ዝግጁ ነው። አንድ ኮራል ካስገባችሁ በኋላ መውረድ ከጀመረ አጥንት እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ሳምንታዊው የውሃ ቅየራ ይተካው እንደሆነ እዩ፣ ካልተካ ብቻ አልካሊኒቲና ካልሲየም በጠብታ መጨመር ትጀምራላችሁ።