በጠባብ ግቢ ውስጥ ለሕፃናት ተፈጥሮን የተላበሰ መጫወቻ እንዴት እንደሚዘጋጅ

በአዲስ አበባ ያሉ ብዙ አጸደ ሕፃናት ቀድሞ መኖሪያ ቤት በነበሩ ግቢዎች ውስጥ ስለሚሠሩ፣ የልጆቹ መጫወቻ ሲሚንቶ የተለሰነ ወይም ኮብልስቶን የተነጠፈበት ጠባብ ቦታ ነው። ግድግዳው ላይ ቀጭኔ ስሎ መሬቱን በፕላስቲክ ሳር መሸፈን ወጪው ቀላል ባይሆንም ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያለ ልጅ ተፈጥሮን የሚያውቀው በመንካት፣ በማሽተትና በመቆፈር ነውና። ለዚህም 20 ካሬ ሜትር ያህል ቦታ ይበቃል።

በመጀመሪያ ፀሐይና ውሃውን ይመልከቱ። ጥላው ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት በኋላ የት እንደሚያርፍ በኖራ ያስምሩ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ በሰኔ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ስለዚህ የአጥር ጥላ ዓመቱን ሙሉ አያስተማምንም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ ቀዝቃዛ በሚመስልበት ቀንም ፀሐይዋ ቆዳ ታቃጥላለች፤ ከአናት በላይ ሸራ ወይም የቀርከሃ ዳስ ያስፈልጋል። የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን የት እንደሚያወርድም አብረው ያጣሩ።

ቀጥሎ መሬቱ ይዘጋጃል። ሲሚንቶውን በሙሉ ማንሳት አያስፈልግም፤ በአንድ ጎን ያለውን ብቻ አንሥተው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆፍሩ፣ ከሥር ጠጠር ያንጥፉ፣ ከላይ ቀይ አፈር በሚገባ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅለው ይሙሉ። የሚወጣው አፈር መረሬ ከሆነ መልሰው አይጠቀሙበት፤ በክረምት እያበጠ በበጋ እየተሰነጠቀ ያስቸግራል። ልጆቹ ለሚቆፍሩበት የአሸዋ ጉድጓድ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል፤ ነገር ግን የሰፈር ድመት እንዳትጸዳዳበት ማታ ማታ በሸራ መሸፈን አለበት።

ለመቀመጫና ለመረማመጃ የባሕር ዛፍ ግንድ ርካሽ ነው። ሲገዙ ግን ይጠንቀቁ፤ ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ የሞተር ዘይት የተቀባ እንጨት ስለሚኖር፣ ጠቆር ብሎ የሚያብረቀርቀውንና ዘይት ዘይት የሚሸተውን አይውሰዱ። ግንዱን ቆራርጠው ሲሶውን መሬት ውስጥ ይቅበሩ፤ ከመሬት በላይ የሚታየው ከ30 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ስንጥሩም በብርጭቆ ወረቀት ይታሽ።

ብዙ ማሰብ የሚጠይቀው የተክል ምርጫ ነው። በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ልጆች ቢያሻሹአቸውና ቢያሸቷቸው የሚያስደስቱ፣ ቢቀጠፉም ቶሎ የሚያገግሙ ናቸው። ጤና አዳም ለቡናችን የተወደደ ቢሆንም ጭማቂው ነክቶት ፀሐይ የመታውን ቆዳ ውሃ ሊያስቋጥር ስለሚችል ልጆች ከማይደርሱበት ይተከል። ጉሎ፣ አስተናግርና እንዶድ መርዛማ ስለሆኑ ከግቢው ይወገዱ፤ የቅንጭብ አጥርም ወተቱ ዓይን ስለሚጎዳ በሌላ ይተካ። ሳማም ቢሆን ከአጥር ሥር ይነቀል፤ አንዳንድ ወላጅ በልጅነቱ የተቀጣበትን እያስታወሰ ቢስቅም፣ ልጁ ግን አይስቅም።

ኩሬ አይሥሩ፤ ትንሽ ልጅ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥም ሊሰምጥ ይችላል። በዚህ ፈንታ ለሁለት የተሰነጠቀ ቀርከሃ ከቧንቧው ወደ አትክልቱ እንዲያዘነብል አድርገው ቢያስሩ፣ ልጆቹ ውሃውን በኩባያ እየለቀቁ አካሄዱን ያዩበታል፣ ተክሉም ይጠጣል። መጫወቻ ጠጠሮች ወደ አፍ የማይገቡ ትልልቅ ይሁኑ።

በኮንዶሚኒየም የሚኖር ቤተሰብ ይህንኑ በጥቂት ሣጥኖች በረንዳ ላይ ማድረግ ይችላል፤ ሣጥኑን ግን ከመከላከያው ብረት አጠገብ አያስቀምጥ፣ ልጅ መወጣጫ ያደርገዋልና።

የመሬቱ ሥራ በግንቦት ተጠናቆ ተከላው በሰኔ ማብቂያ ቢካሄድ ይመረጣል፤ ትምህርት ቤቱ በሐምሌና በነሐሴ ሲዘጋ ችግኙ በነጻ ዝናብ እየጠጣ ሥር ይሰዳል፣ በመስከረም ልጆቹ ሲመለሱም መረገጥን ይችላል። ከጥቅምት በኋላ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች፣ በክረምት የአሸንዳውን ውሃ የሚያጠራቅም ክዳን ያለው በርሜል አስቀድሞ ማስቀመጥ ይገባል።