ትንሿ ሽጉጥ ኃይለኛ ጥይት ስትጎርስ፦ ችግርና መፍትሄ

ልብስ ስር የምትደበቅ ትንሽ ሽጉጥ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያስባል። «ሽጉጧ ትንሽ ናት፤ ጥይቷ እንኳ ጠንከር ይበል።» ከዚያ ፕላስ ፒ የሚባለውን ጥይት ይገዛል። ሽጉጧ መንከስ፣ ማለትም ጥይት መቀርቀር፣ ትጀምራለች። ሰውየው ደግሞ ሽጉጧን መርገም ይጀምራል። እኔም ረግሜ አውቃለሁ። ጥፋቱ ግን የእሷ አልነበረም።

ፕላስ ፒ ከተለመደው የበለጠ ግፊት የሚፈጥር ጥይት ነው። ቀለሃው ቂጥ ላይ የመደመር ምልክትና «ፒ» የሚል ፊደል ተቀርጾበታል። ሳሚ የሚባለው የአሜሪካ የጦር መሣሪያና ጥይት አምራቾች ተቋም ለተለመደው 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ያስቀመጠው የግፊት ጣሪያ 35,000 ፒ.ኤስ.አይ. (በአንድ ካሬ ኢንች ላይ የሚያርፍ ፓውንድ) ነው። ለፕላስ ፒው 38,500 ነው። 10 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። ነጥብ 38 ስፔሻል በሚባለው ጥይት ላይ ከ17,000 ወደ 20,000 ይወጣል፤ ነጥብ 45 ላይ ከ21,000 ወደ 23,000። «ፕላስ ፒ ፕላስ» የሚል ካያችሁ ግን ሳሚ ጣሪያ አላበጀለትም። ነጥብ 380 ላይማ የፕላስ ፒ መስፈርት ራሱ የለም። ሳጥኑ ላይ ቢጻፍ እንኳ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቀው የጻፈው ፋብሪካ ብቻ ነው።

«ታዲያ ሽጉጧ ትፈነዳለች?» ጤነኛና አዲስ ከሆነች፣ መመሪያዋም ከፈቀደ፣ አትፈነዳም። ፋብሪካዎች ከጣሪያው በላይ በሚጭን የመፈተሻ ጥይት ይሞክራሉ። ችግሩ ሌላ ነው። ትንሽ ሽጉጥ እንደ ሰዓት ናት፤ ሁሉ ነገሯ በጊዜ ነው። ስላይዱ፣ ማለትም በተተኮሰ ቁጥር ወደ ኋላ ሄዶ የሚመለሰው የላይኛው ብረት፣ ቀላል ነው፣ የሚሄድበት መንገድ አጭር ነው፣ ሞላው ጠንካራ ነው። ስላይዱ ወደ ኋላ ሄዶ እስኪመለስ ባለችው ቅጽበት ውስጥ ካዝናው ቀጣዩን ጥይት ገፍቶ ቦታው ማድረስ አለበት። ጥይቱ ሲበረታ ስላይዱ ይፈጥናል። ካዝናው ግን አይፈጥንም።

ወደ ምልክቶቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር። ካዝናውን አውጡ። ስላይዱን ስባችሁ ጥይት የምትጎርስበት ጉሮሮ ባዶ መሆኑን በዓይን እዩ፣ በጣትም ዳስሱ። ካዝናውን ሳያወጡ ስላይዱን ብቻ የሚስቡ ሰዎች አሉ። አንዱን ጥይት ያስወጡና ሌላ ያጎርሷታል።

ቃታ ስትስቡ «ቀጭ» ብቻ ይላል፤ ጉሮሮዋ ባዶ ነው

ተኩሳችኋል። ስላይዱ ሄዶ ተመልሷል። ሁለተኛውን ስትስቡ ዝም። ስትከፍቷት ጥይቱ ካዝናው ውስጥ ቁጭ ብሏል፣ ጉሮሮዋ ግን ባዶ ነው። የዚሁ ወንድም የሆነ ሌላ ምልክትም አለ፤ ጥይቱ አፍንጫውን ወደ ታች ደፍቶ መግቢያው ጋ ይቀረቀራል።

የሁለቱም ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ስላይዱ ካዝናውን ቀደመው። ጥይቱ ከፍ ሳይል ስላይዱ በላዩ አለፈ፣ ወይም ግማሽ መንገድ ላይ ገጨው።

መጀመሪያ የተለመደውን ጥይት በዚያው ካዝና፣ በዚያው እጅ ሞክሩ። ችግሩ ከጠፋ መልሱን አገኛችሁ። ካልጠፋ ካዝናውን ለውጡ። ካዝናዎቻችሁን በማርከር 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ቁጥር ስጧቸው። ሁልጊዜ የምትነክሰው በ2 ቁጥር ከሆነ የዚያን ካዝና ሞላ መቀየር ይበቃል። ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ ሽጉጧን ይዞ ባለሙያ ቤት ይሮጣል። ሦስተኛው ተጠርጣሪ የስላይዱ ሞላ ነው። የትንንሽ ሽጉጦች ሞላ ከትልልቆቹ በጣም ቶሎ ይደክማል። መመሪያው በስንት ጥይት ቀይሩት እንደሚል አንብቡ። ፕላስ ፒ የምትተኩሱ ከሆነ ከዚያም ቀደም አድርጉት።

አንዳንዱ ጠንከር ያለ ሞላ ከገበያ ገዝቶ ያስገባል። እኔ አልመክርም። ጠንካራ ሞላ ስላይዱ ሲመለስ የበለጠ ያፈጥነዋል። ወደ ኋላ ሲሄድ የነበረው ችግር ወደ ፊት ሲመጣ ይደገማል።

ቀለሃው ቆሞ ተነከሰ

ባዶው ቀለሃ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ስላይዱ ቀጥ አድርጎ ይነክሰዋል፤ ልክ እንደ ጭስ ማውጫ። ይህ ከጥይቱ ይልቅ የእጅ ነገር ነው። ስላይዱ በደንብ የሚሠራው የታችኛው አካል ከኋላው ጠንክሮ ሲይዝለት ነው። የእጅ አንጓ ከላላ ሽጉጧ በሙሉ አብራ ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ ስላይዱም መንገዱን አይጨርስም። ፕላስ ፒ በጣም ስለሚመታ፣ ትንሿ ሽጉጥ ላይ ደግሞ ትንሿ ጣት የምታርፍበት ስለሌላት፣ አያያዛችሁ ከሦስተኛው ጥይት በኋላ ይላላል። ራሳችሁ አታውቁትም። ልምድ ያለው ሰው በዚያችው ሽጉጥ ይተኩስባት። እሱ ጋ ካልነከሰች ሞላ አትግዙ፤ አያያዛችሁን አስተካክሉ።

ባዶ ቀለሃ እሩቅ ትተፋለች

ድሮ ሁለት ሦስት ሜትር ትተፋ የነበረች ሽጉጥ አሁን ከጎናችሁ ያለውን ሰው አልፋ ከወረወረች፣ ወይም ቀለሃዎቹ ጠርዛቸው ተቀጥቅጦ ከወጣ፣ ሞላው ደክሟል ወይም ጥይቱ በዝቶባታል። ሽጉጧን ፍቱና ስላይዱ ከታችኛው አካል ጋር የሚጋጭበትን ቦታ በባትሪ እዩ። ብረቱ እንደ ተቀጠቀጠ ሚስማር ጠርዝ አውጥቷል? ፒን የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ? ስንጥቅ ካለ በዚህ መተኮስ አበቃ።

የቀለሃው ቂጥ ተለውጧል

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ ብዙ ወሬ የሚነዛበት ቦታ ነው። ቂጡ መሃል ያለችው ክብ ቆብ ፕሪመር ትባላለች። ሰዎች ተጠፍጥፋ ሲያዩ ይደነግጣሉ። የ9 ሚሊ ሜትር ፕሪመር ግን በተለመደው ጥይትም ትጠፈጠፋለች። ብቻዋን ብዙ አትናገርም። ማወዳደር ይሻላል። በዚያችው ሽጉጥ የተተኮሰ አንድ ተራ ቀለሃና አንድ የፕላስ ፒ ቀለሃ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሁለተኛው ቂጡ አካባቢ ሆዱ ካበጠ፣ ፕሪመሩ ከተበሳ፣ ወይም ቀለሃው ጉሮሮው ውስጥ ተጣብቆ በግድ ከወጣ፣ ያንን ጥይት አቁሙ። «ሳጥኑን ልጨርሰውና» አትበሉ።

ጥይቱ ፋብሪካው እንደሠራው ሆኖ ሳለ ግፊቱን የምንጨምረው እኛ የሆንንበት ጊዜም አለ። ሽጉጥ የሚይዝ ሰው ማታ ያራግፋል፣ ጠዋት ያጎርሳል። ብዙ ጊዜ ያቺኑ አንድ ጥይት። በተቀባበለች ቁጥር አረሯ መግቢያውን ትገጫለች፤ ትንሽ በትንሽ ወደ ቀለሃው ውስጥ ትሰምጣለች። የ9 ሚሊ ሜትር ቀለሃ ውስጡ ጠባብ ስለሆነ ጥቂት መስመጥ ግፊቱን በጣም ይጨምረዋል። ያቺ ጥይት ደግሞ ፕላስ ፒ ከሆነች ከጣሪያው በላይ ጣሪያ ሠራን ማለት ነው።

አንድ ቀን የኔን አወጣሁና ከሳጥኑ ከወጣች አዲስ ጥይት ጋር ጠረጴዛ ላይ አቆምኳቸው። ዓይኔ ልዩነቱን አየ፤ መለኪያ እንኳ አላስፈለገኝም። አንዷ አንገቷን የሰበረች ትመስላለች። ካሊፐር በሚባለው ትክክለኛ መለኪያ ስለካት ከእህቷ በአንድ ሚሊ ሜትር ገደማ አጥራለች። ያቺን ጥይት ስንት ወር ተሸክሜያት ነበር።

መፍትሄው ርካሽ ነው። አንድን ጥይት ከአንድ ሁለት ጊዜ በላይ አታቀባብሉ። ከዚያ በካዝናው ታችኛው ጥይት ቀይሯት። ካሊፐር ካላችሁ ከአዲስ ጋር አወዳድሩ። የሰመጠችን ጥይት በፒንሳ ስባችሁ ለመመለስ እንዳትሞክሩ። ለይታችሁ አስቀምጧት፤ ለሚያስወግድ ባለሙያ ስጡ።

ሪቮልቨር አልዞር አለ

ሪቮልቨር ጥይቷን በካዝና ሳይሆን በሚሽከረከር ጎማ የምትይዝ ሽጉጥ ናት። እዚህ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ከ400 እስከ 450 ግራም የምትመዝን ቀላል ሪቮልቨር ስትመታ ወደ ኋላ በኃይል ትዘላለች። ገና ያልተተኮሱት ጥይቶች ቀለሃቸው አብሮ ይዘላል፤ አረራቸው ግን ባለበት መቅረት ይፈልጋል። ስለዚህ ወደ ፊት ይወጣል። ብዙ ከወጣ የሚሽከረከረው ጎማ አፍ ላይ ብቅ ይልና እንዳይዞር ይቀረቅራል። እንዲህ ያለውን ነገር በመዳፍ መትቶ ማስተካከል አይቻልም።

መሞከሪያው ቀላል ነው። አምስት ጥይት አጉርሱ። አምስተኛዋ ላይ አረሩና ቀለሃው የሚገናኙበትን መስመር በማርከር አስምሩ። አራቱን ተኩሱና አምስተኛዋን አውጥታችሁ እዩ። መስመሩ ከተላቀቀ ያ ጥይት ለዚያች ሽጉጥ አይሆንም፤ አረሩን ጠበቅ አድርጎ የያዘ ሌላ ጥይት ፈልጉ።

የድሮ የአሉሚኒየም አካል ያላት ነጥብ 38 ካለቻችሁ ደግሞ ሙከራውንም ተዉት። ብዙዎቹ ለፕላስ ፒ አልተሠሩም። ስንጥቁ የሚጀምረው አረሯ የምትወጣበት ቱቦ አካሉ ላይ ከሚጠመዘዝበት ቦታ ከታች ነው፤ ጎማውን ከፍታችሁ በባትሪ ካላያችሁ አይታይም። የእናንተዋ ትችል እንደሆነ መመሪያውን ወይም ቱቦው ላይ የተቀረጸውን አንብቡ። ምንም ካላለ አልተፈቀደም በሉ።

ድምፁ ቀጭን ሆነ

ይሄ ከፕላስ ፒ ጋር አይገናኝም ግን ልለፈው አልችልም። «ጷ» ማለት ሲገባው «ፑፍ» ካለ አቁሙ። አረሯ ቱቦው ውስጥ ቀርታ ሊሆን ይችላል። ከኋላዋ ሌላ መተኮስ፣ ያውም ኃይለኛውን፣ እጅ ያሳጣል።

ኢላማው ይበታተናል፤ ሲተኮስ ብልጭታው ዓይን ይወስዳል

አጭር ቱቦ ውስጥ ባሩዱ ተቃጥሎ አያልቅም። የቀረው ከአፈሙዙ ውጭ ይነዳል። ያ ነው ብልጭታው። ድምፁና ምቱ ሲበዛ ደግሞ ቃታው ተስቦ ከማለቁ በፊት እጅ ይደነግጣል፤ ቀኝ እጅ የሆነ ሰው ጥይቱ ወደ ግራ ታች ይወርድበታል።

ድንጋጤውን ለማወቅ ጓደኛችሁ እናንተ ሳታዩ ካዝናው ውስጥ ከጥይቶቹ መካከል የማትተኮስ ባዶ የልምምድ ጥይት ይክተትበት። ባዶዋ ላይ ስትደርሱ አፈሙዙ ወደ ታች ከደፋ ገመናችሁ ወጣ። መፍትሄው ለአጭር ቱቦ ተብሎ የተሠራ የተለመደ ግፊት ያለው ጥይት ነው፤ ወይም አረሩ ከበድ ያለው ባለ 147 ግሬን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው)። በ3 ኢንች ቱቦ ፕላስ ፒ የሚጨምረው ፍጥነት ጥቂት ነው፤ የሚጨምረው ምት ግን ሁለተኛውን ጥይት ያዘገያል።

እኔ መጨረሻ ላይ ተራውን መረጥኩ። ሃምሳ ተኮስኩ፣ በሦስቱም ካዝና፣ አንድም አልነከሰችም። የቀረውን የፕላስ ፒ ሳጥን ለትልቋ ሽጉጤ አደረግኩት፤ እሷ መኖሩንም አላወቀችው።